በ«እርግጥ» እና በ«ግን» መካከል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ ከአሞራ ገደል ብዙ በማይርቅ ቦታ ዓሣ ቤት ከፍቼ እሠራለሁ። ጥብሱም፣ ሾርባውም፣ ዱለቱም የእጄ ሙያ ነው፤ ደንበኛ አላጣሁም። ያጣሁት ሰው ነው። በ14 ወር ውስጥ ሰባት ሠራተኞች ጥለውኝ ሄዱ። የመጀመሪያዋ ሰነፍ ነበረች። ሁለተኛው ዓሣ የሚበልትልኝ ልጅ ነበር፤ ጎረቤት ያለው ምግብ ቤት 500 ብር ጨምሮ ወሰደብኝ። ሦስተኛዋ አፏ አያርፍም፤ የቤቴን ነገር ለደንበኛ ታወራለች። አራተኛዋ እሑድ እሑድ እቀራለሁ እያለች አስቸገረችኝ። አምስተኛው ሳይነግረኝ ሌሊት ወጥቶ ሄደ። ስድስተኛዋ ፊቷ ለእንግዳ አይፈታም ነበር። እርግጥ ደመወዝ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፣ ዕቃ የሰበረም ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ግን ይህ በየትኛውም ቤት ያለ ነው።

ያንገበገበኝ የሰባተኛዋ ነገር ነው። ታናሽ እህቴ ናት። ሒሳብ መቀበያው ላይ ያስቀመጥኩት እሷን ነበር። በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ሳለ፣ ሒሳቡ ሲታይ 2,700 ብር ጎደለ። እርግጥ ደብተሩን ማታ ማታ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ግን ገንዘቡ የሚውለው በእሷ እጅ ነው። ጠየቅኋት፣ አለቀሰች። በማግስቱ ልብሷን ይዛ እናታችን ዘንድ ይርጋለም ገባች። አሁን እናቴም ስደውል አታነሳልኝም። ከልጅነቷ ጀምሮ አሳድጌያት፣ አስተምሬያት፣ መጨረሻዬ ይህ ሆነ። ታማኝ ሰው በምን ይታወቃል? እህቴንስ ይቅር ልበላት?
ሰው የከዳኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩልሽ። ዓሣ ቤት ከጎህ እስከ እኩለ ሌሊት በእግር የሚያቆም ሥራ ነው፤ ሰው ሲከዳ ሁሉም ነገር በአንድ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በሁለተኛው ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። 31 ዓመት ባንክ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና ወረቀት ሲሰጠኝ ሳላሰምርበት አላልፍም። ያሰመርኩት ሁለት ቃላት ላይ ነው፤ «እርግጥ» እና «ግን»።

ሁለት ጊዜ «እርግጥ» ብለሻል፤ ሁለቱንም ጊዜ «ግን» ተከትሏል። በመካከላቸው ያስቀመጥሽውን ሰብስቤ ላንብብልሽ፦ ደመወዝ ይዘገያል፣ ዕቃ የሰበረ ይቆረጥበታል፣ ደብተሩን የምሞላው እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ከአንቺ በኩል ሊሆን ስለሚችለው ጉድለት የጻፍሽው ይህን ብቻ ነው። የቀረው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ሰው የራሱን ጥፋት አያውቅም ሲባል እሰማለሁ። እኔ አይመስለኝም። ያውቃል። አውቆ ነው በአንዲት አጭር ሐረግ ጠቅልሎ የሚያልፈው። «እርግጥ» እውነቱን ወደ ቤት ታስገባለች፤ «ግን» ወዲያው መጥታ በጓሮ በር ታስወጣዋለች። አንቺ እውነቱን ከእኔ ቀድመሽ ጽፈሽዋል። እኔ የማደርገው ነገር ቢኖር ያለፍሽውን ቦታ ማሳየት ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። በራሴ ያደረስኩትን ብል ይሻላል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ዋና ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። በእኛ ቤት ያን ጊዜ ኮምፒውተር የለም፤ መዝገቡ በእጅ ነው የሚሞላው። ነገሩ የሆነው እንዳንቺው በታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነው። በዓሉን ለማክበር ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ከተማውን ሞልቶታል፤ ነጋዴውም ገንዘብ ገቢ ለማድረግ በመስኮቱ ፊት ተሰልፏል። ማታ በሩን ዘግተን ሒሳብ ስንዘጋ በእጅ ያለው ገንዘብ በመዝገብ ካለው በ1,800 ብር አነሰ። በእኛ ሥራ ይህ «ጉድለት» ይባላል። በሰው ጠባይ ውስጥ ያለውን ነውርም በዚሁ ቃል መጥራታችንን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከእኔ ሥር ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ነበሩ። አንደኛዋ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ዓይኔ በቀጥታ እሷ ላይ አረፈ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ ሳስበው፣ አዲስ ስለሆነች ነው፤ መልስ እንደማትሰጠኝ ስለማውቅም ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ የራሴን መዝገብ ከማገላበጥ የእሷን መሳቢያ ማገላበጥ ቀለለኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርንባት። ከዚያ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቦርሳዋን እንድትከፍት ጠየቅኋት። ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ የወጣው ዛሬም ይታየኛል፦ በክር የታሰረ የቤት ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ ጥቂት ሳንቲም። አላለቀሰችም። ዕቃዋን አንድ በአንድ መልሳ «ልሂድ?» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በንጹሕ ሰው ላይ ጣቴን ቀስሬ ይሆናል ብዬ ግን አልነበረም። ያሰጋኝ ጉድለቱ ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ ይሆን የሚለው ነበር።

በማግስቱ ሰነዶቹን ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመርኩ። ረፋዱ ላይ ደረስኩበት። የአንድ ነጋዴ ገቢ ደረሰኝ 3,510 ብር ይላል፤ መዝገቡ 5,310 ይላል። የመዝገቡ ጽሕፈት የእኔ ነው። አምስት ቁጥርን ሆዷን ሰፋ፣ አንገቷን አጠር አድርጌ ነው የምጽፋት፤ በዚያ ቅርንጫፍ እንደዚያ የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። አንድን ቁጥር ስንጽፍ ሁለት አሐዞች ቦታ ከተለዋወጡ፣ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 1,800 ለ9 ሲካፈል 200 ነው። ይህን ዘዴ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። በዚያች ማታ ግን አልሞከርኩትም፤ ዘዴው ወደ መዝገቡ ነው የሚመራው፤ መዝገቡን የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቁጥሩን አረምኩ፤ ፈረምኩበት። ወደ ልጅቷ መስኮት ሄጄ «ተገኝቷል» አልኳት። «የት?» አለችኝ። «ሥራሽን ቀጥዪ» ብያት ተመለስኩ። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፦ እርግጥ ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ ግን የዚያን ቀን ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ ግን ኃላፊ የሆነ ሰው መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ግን እሷስ ብትሆን ለምን ጠንከር ብላ አልተናገረችም? ከጥቂት ወራት በኋላ ዝውውር ጠይቃ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ከ12 ዓመት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከልጆቿ ጋር ስትንሸራሸር አየኋት። ልቤ ደነገጠ፤ ቀረብኳትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ስሕተቱ የማን እንደነበረ፣ ቁጥሩን ሳይቀር ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ «የገንዘቡን መጠን ረስቼዋለሁ» አለች። «ቦርሳዬን ግን ለምን ገለበጡት?»

እህቴ፣ እኔ ለ12 ዓመት ሳስታውሰው የኖርኩት ራሷ ስትከፍተው ነው። ለአንቺም ከላይ የጻፍኩልሽ እንደዚያው ነው፤ ሐሳቤ የለመደው መንገድ እሱ ነው። እሷ ግን ከእጇ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ እንደገለበጥኩት ነገረችኝ። ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ልክ ናት። ቁልፉ ወለሉ ላይ ወድቆ ጎንበስ ብላ ስታነሳው ትዝ ይለኛል። ዕቃውን በገዛ እጁ የሚያወጣ ሰው ቁልፉን አይጥልም። ጥፋቴን ላምን ሄጄ እንኳን፣ ትዝታዬ ግማሹን ደብቆልኝ ነበር። ያን ዕለት ሁለተኛ ይቅርታ ልጠይቃት ስፈልግ አድራሻዋን አልያዝኩም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አላገኘኋትም።

ሦስተኛ ጊዜ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ይህን እያሰብኩ ነው። «ጠየቅኋት፣ አለቀሰች» ብለሻል። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያልጻፍሽው ነገር አለ። በምን ቃል ጠየቅሻት? ማን ፊት? ምግብ የሚበላ ሰው ነበረ? ድምፅሽ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር? እኔ አላየሁም፤ አልፈርድብሽም። ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሙዪው። ስትሞዪውም እሷ ብትነግረኝ እንዴት ትነግረኝ ነበር ብለሽ አንድ ጊዜ በእሷ አፍ ተናገሪው።

ትዝታ ለባለቤቱ እንደሚያደላ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ማይክል ሮስ እና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ፣ ካናዳ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ነው። 37 ባልና ሚስትን ለየብቻ እያደረጉ፣ በ20 የቤትና የኑሮ ጉዳዮች ላይ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቋቸው። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው በላይ ሆነ። ሁሉም ዋሽተው አይደለም። የራስ ድካም ቶሎ ትዝ ይላል፤ የሌላው ድካም ግን እኛ በሌለንበት ሰዓት የተደከመ ነውና አይመጣልንም። አንቺም «አሳድጌያት፣ አስተምሬያት» ብለሻል፤ አምንሻለሁ። እሷ ስንት ማታ ቆማ እንዳመሸች፣ ስንት ወር ያለ ደመወዝ እንደሠራች ግን ደብዳቤው ውስጥ አንድ መስመር የለም። ደመወዝስ ነበራት? እሱንም አልጻፍሽም።

ስለ ስድስቱ ደግሞ በራስሽ ሙያ ላስረዳሽ። ዘይቱ ከከረመ የጠዋቱም ቆሮሶ፣ የማታውም አምባዛ ይመራል። ሰባት ዓሣ በተከታታይ ቢመርሽ ሐይቁን አትወቅሺም፤ መጥበሻውን ታያለሽ። ይህን ስል ሰነፍ ሠራተኛ የለም፣ ወሬኛ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። የመጀመሪያዋ ልጅ በእውነት ሰነፍ ነበረች ይሆናል። ሌሊት ጠፍቶ የሄደውም ቢሆን ቢያንስ «ሄጃለሁ» ሊልሽ ይገባ ነበር። የእነሱን ጉድለት ግን ከእንግዲህ አንቺ ልታርሚው አትችዪም፤ ሄደዋል። የቀረሽ መጥበሻው ነው።

መጥበሻው ውስጥ ያለው በሕግም የሚያስጠይቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር፣ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። በተፈቀደበትም ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር በቃል «ከደመወዝሽ ላይ ነው» ማለት አይፈቀድም። እሑድ እቀራለሁ ያለችሽም ልጅ የጠየቀችሽ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ሠራተኛ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ይኸው አዋጅ ያዛል። እሑድ ገበያሽ የሚደራበት ቀን መሆኑ ይገባኛል፤ እንግዲያውስ ሰኞን ስጫት። ዓሣ የሚበልተውን ልጅ «ወሰደብኝ» ያልሽውንም ቃል ተመልሰሽ እዪው። ሰው እንደ ዕቃ አይወሰድም፤ ደመወዙ በሰዓቱ ወደሚከፈልበት ቤት ሄዷል። 500 ብሩ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ 2,700 ብር እንምጣ። ቁጥሩን እንዳየሁ እጄ ሳላዘው አካፈለው፤ 2,700 ለ9 ሲካፈል 300 ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ከዘጠኝ ቁጥር አንዱ በአጋጣሚም ለ9 ይካፈላልና። ነገር ግን ደብተሩን ለማየት በቂ ምክንያት ነው። በዚያ ሰሞን ሌሊት ደክሞሽ የሞላሻቸውን ገጾች አውጪ። 4,700 መሆን ሲገባው 7,400 የተባለ፣ 1,400 ሆኖ 4,100 የተጻፈ መስመር ካለ ፈልጊ፤ ወጪውንም ገቢውንም፣ ለዓሣ አምጪዎቹ የከፈልሽውንም ጭምር። ያን ጊዜ የጎደለው ገንዘብ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ብቻሽን አታድርጊው፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሌላ ሰው አጠገብሽ አስቀምጪ፤ የራስን ስሕተት የራስ ዓይን ይዘለዋልና።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን ይርጋለም ሂጂ። ደብተሩ ምንም ይበል ምን፣ ሳታጣሪ እህትሽን ሌባ ማድረግሽ አይለወጥም። እዚህ ሲዳማ ውስጥ ስንኖር ከሽማግሌዎቹ ብዙ የሚሰማ ነገር አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በመዘገበው በፍቼ ጫምባላላ በዓል ላይ ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሲመክሩ፣ ከስንፍናና ከስርቆት ጋር በአንድነት የሚከለክሉት በሐሰት መመስከርን ነው። እኔ ስርቆትን ብቻ እንደ ነውር ስቆጥር ኖሬያለሁ። ያቺን ልጅ በሠራተኛ ፊት ስገትራት የተሰረቀ ነገር አልነበረም፤ በሐሰት የመሰከርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ስትሄጂ ስልክ አትደውዪ፤ በአካል ሂጂ። «ይቅር ልበላት?» ያልሽውን ጥያቄ ሐዋሳ ትተሽው ሂጂ። ለእናትሽም ለእህትሽም የምትነግሪያቸውን አስቀድመሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሦስቱም በ«እኔ» ይጀምሩ። እኔ ሳላጣራ ጠረጠርኩሽ። እኔ ሰው ፊት ጠየቅኩሽ፤ ሆኖ ከሆነ። እኔ ደብተሩን እየሞላሁ ጉድለቱን ካንቺ ፈለግኩ። ከጻፍሽ በኋላ «ግን» የሚል ቃል ካገኘሽ ሰርዢው። ብዙ ያለቅሳሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም ብዬ እገምታለሁ። ምናልባት እህትሽ ያልጠበቅሽውን፣ የአንቺ ትዝታ ያልያዘውን አንድ ነገር ትነግርሽ ይሆናል። እንደ እኔ ቦርሳ ያለ ነገር። ያን ጊዜ «እንደዚያ አላደረግኩም» ከማለትሽ በፊት አንድ ሌሊት እደሪበት።

ታማኝ ሰው በምን ይታወቃል ላልሽው፣ የደመወዙን ቀን ለሦስት ወር ሳታዛንፊ ከከፈልሽ በኋላ ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ባለቤቴ ሲቆጣ ይመታኛል። በሰው ከመፍረዴ በፊት ራሴን ልመርምር እያልኩ ጥፋቴን እፈልጋለሁ። ወጡ ቀዝቅዞ ይሆናል፣ አመላለሴ ይሆናል እላለሁ። እሱም ጥፋቱ ያንቺ ነው ይለኛል። እንዳላስቆጣው ራሴን እንዴት ላርም?
ስሜ ይቅር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከላይኛው ጋር በአንድ ሳምንት ነው። አንድ ገጽ ላይ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው፤ ለእህታችን ከተናገርኩት ውስጥ አንዱንም ለራስሽ እንዳትወስጂ።

ቦርሳዋን የገለበጥኩባት ልጅ ያን ሌሊት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች አድራ ይሆናል። ምንም አላጠፋችም። አንቺ በእሷ ቦታ ነሽ እንጂ በእኔ ቦታ አይደለሽም። ራስን መመርመር የራስን እጅ ማየት ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ፊትሽ ላይ ሲያርፍ የሚመረመረው የእሱ እጅ ነው። አመላለስሽ ክፉ ቢሆን በቃል ይመለስልሻል። ወጥ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። ሚስቱ ምን ብላ መለሰች ብሎ የሚጀምር ሕግ አይደለም። ስለዚህ ይህን ዛሬ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ እናትሽ፣ እህትሽ ወይም ጎረቤትሽ ልትሆን ትችላለች። መታወቂያሽን፣ የልጅሽን የልደት ወረቀትና ጥቂት ገንዘብ እሷ ዘንድ አስቀምጪ። ሌሊት መውጣት ቢያስፈልግሽ የማን በር እንደምታንኳኪ አስቀድመሽ ተስማሚ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚያየው ክፍል የት እንደሆነ ጠይቂ።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደግሞ፣ እስካሁን ብለሽ ይሆናልና፣ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» አትበዪ። እንዴት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ካርድሽ ላይ ሲጽፈውም እዪ።